ጥቅሉን የጠቀለልኩት እኔ ነኝ

ባለፈው ሳምንት ቸርችል ጎዳና ላይ አንድ ፎቶኮፒ ቤት ገብቼ መታወቂያ ላስገለብጥ ወረፋ ይዤ ነበር። ማሽኑ አሮጌ ነው፤ ሲሠራ ያቃስታል። ከፊቴ የቆመው ተማሪ አንድ ጥራዝ ሙሉ ሲያስባዛ ማሽኑ ጋለና ያን ሽታ ለቀቀው። ታውቀው እንደሆነ እንጃ፤ መብረቅ ከወረደ በኋላ አየሩ ላይ የሚቀር፣ አፍንጫ ውስጥ ቀዝቀዝ የሚል፣ ብረት ብረት የሚሸት ነገር ነው። ሌላ ሰው ቢሆን እንዲህ ያለ ሽታ ትዝታ ያመጣበታል። እኔ ላይ መጀመሪያ የመጣው ቅናት ነው። እውነቴን ነው የምልህ፣ ምን እንዳስታወስኩ ገና ሳላውቅ ቆሽቴ እርር አለ። ኮፒ የምታደርገው ልጅ «ስንት ላርግልሽ?» ብትለኝ የበደለችኝ ይመስል ገላመጥኳት። ነገሩ የገባኝ ከወጣሁ በኋላ ነው፤ ሽታው የመንታዬና ድሮ ቤታችን ያመጣት የነበረች የአንዲት ልጅ ሽታ ነበር።

እኔና ወንድሜ መንታ ነን። እሱ ቀድሞኝ ወጣ ይባላል፤ እኔ ግን ገፍቼው ነው እላለሁ። ያደግነው ከውቤ በረሃ ዝቅ ብሎ፣ ብዙ ቤተሰብ በአንድ በር የሚገባበትና በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀምበት ግቢ ውስጥ ነው። ግቢው ዛሬ የለም፤ በቦታው ሰው አመሻሹ ላይ ፎቶ የሚነሳበት ሰፊ የእግረኛ መንገድ ሆኗል። እናታችን ልብስ ሰፊ ነበረች። የሲንጀሯ ድምፅ ከማለዳ ጀምሮ አይቋረጥም፤ ከኋላ ያለችውን ጠባብ ዕቃ ቤት ደግሞ ለኛ ለቅቃልን ነበር። ልጆች ሆነን የጎረቤቱን ሬዲዮና ካውያ ሁሉ እየፈታን ያበላሸነው፣ ትንሽ ከፍ ስንል ደግሞ እየፈታን የጠገንነው እዚያች ውስጥ ነው።

ሥራችን የተከፋፈለ ነበር። እሱ ያነባል፣ እኔ እሠራለሁ። የሱ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ መበየጃ ከያዘ ከሽቦው ይልቅ ጣቱን ነው የሚበይደው። እኔ ግን የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ነጥብ ላይ የቀለጠ ቆርቆሮ ጠብ አድርጌ ማሳረፍ እችል ነበር። «እኔ ጭንቅላት፣ አንቺ እጅ» ይለኝ ነበር። ያኔ ሙገሳ መስሎኝ ደስ ይለኛል። አሁን ሳስበው ግን ሙገሳ አይመስለኝም።

ከዚያ እሱ ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና ገባ። የኔ ውጤት ስላልደረሰ እዚያው ፒያሳ አንድ ኮሌጅ ሒሳብ አያያዝ መማር ጀመርኩ። ተለያየን ብዬ ግን አላሰብኩም፤ ማታ ማታ ዕቃ ቤቷ አለችና።

አንድ ቀን ከኢንተርኔት ያሳተመውን ንድፍ ይዞ መጣና የእናታችን መቁረጫ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። «መብረቅ ልንሠራ ነው» አለኝ። ቴስላ ኮይል የሚባለውን ነገር ያየሁት ያን ቀን ነው። በሰፈር አማርኛ ልንገርህ። አንድ ረጅም ቱቦ ላይ ፀጉር የሚያህል የመዳብ ሽቦ ጥቅጥቅ ተደርጎ ይጠቀለላል። ከሥሩ ወፈር ያለ ሽቦ ጥቂት ጊዜ ይዞረዋል። ወፍራሙን ሽቦ በኤሌክትሪክ የሚገፋው ደግሞ ድራይቨር የሚሉት ሰርኪዩት ነው። ሁሉ ነገር ልክ ከመጣ ከቱቦው አናት ላይ ሐምራዊ ብልጭታ ወደ አየር ይዘላል፤ ፍሎረሰንት አምፖል አጠገቡ ይዘህ ብትቆም ያለ ምንም ገመድ እጅህ ላይ ይበራል። «ያለ ምንም ገመድ?» አልኩት። «ያለ ምንም ገመድ» አለኝ። በቃ፣ አበድኩ።

ሽቦውን ሞተር ከሚጠቀልል ሰውዬ አመጣን፤ ቱቦው የፍሳሽ ቱቦ ነው። ጥር ነበር፤ በበሩ የሚገባው ፀሐይ ወለሉ ላይ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል። እሱ ቱቦውን ቀስ እያለ ያዞራል፣ እኔ ሽቦውን በጣቴ እየመራሁ አስተኛዋለሁ። አንዱ ዙር ሌላው ላይ ከወጣ ተበላሸ፤ በመሃል ክፍተት ከቀረም ተበላሸ። ስለዚህ አናወራም። የሚሰማው የሽቦው ፍትጊያና ከውጭ የእናታችን ሲንጀር ብቻ ነው። ጣቴ ተሰንጥቆ ደማ፤ አላቆምኩም። ሲያልቅ ሽቦ አይመስልም ነበር፣ ሐር ነው የሚመስለው። ሁለት ጊዜ ቬርኒሽ ቀባሁትና በሩ ላይ አቆምኩት። ወንድሜ ትከሻዬን ይዞ አየው። በሕይወቴ እንደዚያ ሰሞን ከሰው ጋር ተስማምቼ አላውቅም።

ከፋሲካ በኋላ ነው ያቺን ልጅ ይዟት የመጣው።

የክፍሉ ተማሪ ናት። ቀጠን ያለች፣ ረጋ ብላ የምታወራ፣ ስታስነጥስ እንኳ ሰው እንዳትረብሽ የምትጠነቀቅ ዓይነት። ዓመቱ ሲያልቅ ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ የሠሩትን ለሰው የሚያሳዩበት ቀን አላቸው፤ እሱ የመረጠው የኛን ኮይል ነው። «ጥንዴ እሷ ናት» አለኝ። ጥንዴ! መንታህ ዓይንህን እያየ ሌላ ሰው ጥንዴ ናት ሲልህ ሰምተህ ታውቃለህ? «ደስ ይላል» አልኩ። ጥርሴን ነክሼ ነው ያልኩት።

እናታችን ደግሞ ብታያት! «ነይ ግቢ የኔ ልጅ፣ ምነው ከሳሽ» እያለች የእንግዳ ብርጭቋችንን አውጥታ ሻይ ትቀዳላታለች። ልጅቷም «ኧረ አይቸገሩ እማማ» ትላታለች። የኔን ሻይ የምጠጣው በተሰነጠቀው ኩባያ ነው። ቁም ነገሩ ኩባያው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ያኔ ኩባያውም አናደደኝ።

ባዶ እጇን አልመጣችም። ከአጎቷ የተዋሰችው ሻንጣ የሚያህል ኦሲሎስኮፕ ነበራት፤ ኤሌክትሪኩ የሚሄድበትን በአረንጓዴ መስመር እየሳለ የሚያሳይ መሣሪያ። የኔ ትንሽ ቴስተር ጥግ ተጣለ። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ግንባራቸው ሊነካካ እስኪደርስ የመሣሪያው መስኮት ላይ ያፈጣሉ። ንግግራቸው ግማሹ እንግሊዝኛ ነው። እኔ ከኋላ ቆሜ «ይሄን ንቀይልን»፣ «ያንን በይጂልን» እስክባል እጠብቃለሁ። «ልን» ስትል ነው አንጀቴ የሚቃጠለው፤ ያቺ «ልን» ውስጥ እኔ የለሁማ።

ድራይቨሩ ግን አስቸገረ። በሰካነው ቁጥር ትራንዚስተሮቹ ጧ ብለው ይፈነዳሉ፣ ክፍሉ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። አዲሶቹን ከሞቱ የብየዳ ማሽኖች ላይ እየነቀልኩ የማመጣው እኔ ነኝ። በኋላ ሬዲዮ ጠጋኞች የሚጠቀሙበትን ዘዴ ያዝን፤ ኃይሉ መጀመሪያ በአንድ ተራ አምፖል በኩል እንዲያልፍ እናደርጋለን። አምፖሉ ቦግ ካለ ውስጥ የተቃጠለ ነገር አለ፣ ፈዘዝ ካለ ሰላም ነው። ከዚያ ወዲህ የሚፈነዳው ቀነሰ።

የግቢው ቆጣሪ አንድ ስለሆነ ደግሞ ዝም ብሎ መሰካት አይቻልም። ከኛ ጋር አብሮ ሁሉም ነው የሚጨልመው። ስለዚህ ሕግ ወጣ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ «ልንሰካ ነው!» ብዬ እጮሃለሁ። ከዚህ «ቆይ! ምድጃ ላይ ወጥ አለኝ!» ይባላል፣ ከዚያ «ቆይ ቲቪውን ላጥፋው!» ይባላል። ፊት ለፊት ያሉት እትዬ ሁልጊዜ መጨረሻ ናቸው፤ ፍሪጃቸውን ነቅለው፣ አማትበው፣ «እሺ፣ ሰኩ!» ይላሉ። እሳቸው ሳይሉ አይሰካም። ያ ሰሞን ግቢው ውስጥ የተበላሸ ነገር ሁሉ በኛ ይሳበባል። ካውያ ተቃጠለ፣ እነሱ ናቸው። ሰዓት ቆመ፣ እነሱ ናቸው። የእትዬ ዶሮ እንቁላል መጣል ብታቆም እንኳ «ያ መብረቃችሁ አስደንግጧት ነው» ተባልን። የትኛው መብረቅ? መብረቁ መቼ መጣና!

እውነትም አልመጣም። ኦሲሎስኮፑ ሁሉ ነገር ልክ ነው ይላል። አምፖሉ ፈዘዝ ብሎ ይበራል። ድራይቨሩ ይሠራል። ኮይሉ ግን ዝም። ፍሎረሰንቱን ይዤ አጠገቡ ብቆም ብቆም ዱላ የያዝኩ ዘበኛ ከመምሰል በስተቀር ምንም የለም። እነሱ ቺፕ ይቀይራሉ፣ የኮይሉን ምት እየሰማ ለድራይቨሩ የሚናገረውን አንቴና ያስረዝማሉ፣ ያሳጥራሉ፣ ይከራከራሉ። ክርክራቸው ራሱ ያስቀናኝ ነበር። ከኔ ጋር እኮ እንደዚያ ተከራክሮ አያውቅም፤ እኔን የሚለኝ «አንቺ ዝም ብለሽ በይጂ» ነው።

አንድ ምሽት እሷን ሸኝቷት ሲመለስ በሩ ላይ ጠበቅኩት።

«እሷ ምን ሠራች? አረንጓዴ መስመር ከማየት ሌላ?»

«ሙድ አትያዥባት» አለኝ።

«አልያዝኩም። እኔ'ኮ እጅ ነኝ፣ እጅ አያወራም።»

ሳቀ። «ቀናሽ እንዴ?»

«በምኗ?»

በምኗ እንደሆነ ብነግረው ሌሊቱ አይበቃም ነበር። አጠገቡ በመቀመጧ፣ በእንግሊዝኛዋ፣ በእናታችን ሻይ፣ ብቻ በሁሉ ነገሯ። ከሁሉ በላይ ግን በአንድ ነገር ነበር፤ ኮይሉ ከሠራ የነሱ ሊሆን ነው። ሁለት ስም ይጠራል፣ ሰው ያጨበጭባል፣ የኔ ጣት የደማበት ሐር መሃላቸው ቆሞ ይታያል። ካልሠራ ደግሞ የደማሁት በከንቱ ነው። የቱን እንደምመኝ አላውቅም ነበር። ጠዋት እንዲሠራ እለምናለሁ፤ ከሰዓት እሷ በበሩ ስትገባ ሳያት «ይቅርባችሁ» እላለሁ።

የሚያሳዩበት ቀን ዋዜማ ደረሰ። ሰኔ ነው፤ ከምሳ በኋላ ሰማዩ ጠቆረና ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። ዕቃ ቤቷ በቀን ጨለመች። ወንድሜ ያለውን ሁሉ ሞክሮ ጨርሷል። ፊቱ ላይ ላብ፣ እጁ ላይ ጥቀርሻ፣ ድምፁ ደግሞ ሊያለቅስ የደረሰ ሰው ድምፅ። «በቃ፣ ጥቅሉ ነው» አለ። «ሌላው ሁሉ ልክ ነው። ጥቅሉ ነው የተበላሸው።»

ብድግ አልኩ። «ጥቅሉን አፍህ እንዳይነካው!»

«ታዲያ ምንድን ነው? ንገሪና!»

አላውቅማ። አኩርፌ በሩ ላይ ዱካ ሳብኩና ተቀመጥኩ። እጄ ዝም ማለት ስለማይችል መሬት የፈሰሰውን ትርፍ ሽቦ አንስቼ ባዶ ማጠንጠኛ ላይ መጠቅለል ጀመርኩ። እንባዬን ዝናቡ መስሎ እንዲታይ ፊቴን ወደ ውጭ አዙሬያለሁ። ትንሽ ቆይቶ የሰው ዓይን ተሰማኝ። ዞር ስል ልጅቷ ኦሲሎስኮፑን ትታ እጄን ታያለች።

«ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የምትጠቀልዪው?» አለችኝ።

«እንዴት?» አልኳት፣ ለጠብ ተዘጋጅቼ።

«ከቀኝ ጀምረሽ ወደ ግራ። ግራኝ ነሽ እንዴ?»

ደነገጥኩ። ይሄ ነገር በኛ ቤት አይነሳም። ትንሽ ሆኜ እናቴ በግራ የጎረስኩ ቀን ጣቴን በማማሰያ ትመታኝ ነበር፤ አስተማሪውም የራሱን ድርሻ አድርጓል። ስለዚህ እበላለሁ በቀኝ፣ እጽፋለሁ በቀኝ፣ ሰው እጨብጣለሁ በቀኝ። ረቂቅ ሥራ ሲሆን ብቻ፣ ማንም ልብ ሳይል፣ ግራዬ ራሷ ትመጣለች። ወንድሜ በልጅነቱ ያውቅ ነበር። ከዚያ እሱም እንደ ሌላው ሰው ማየት ተወ።

ልጅቷ ወደሱ ዞረች። «ኮይሉን ግን አንተ ነህ አይደል የጠቀለልከው?»

እኔ እሱን አየዋለሁ፣ እሱ መሬቱን ያያል። ይህን ሁሉ ሳምንት እሱ እንደጠቀለለው ነበር የምታውቀው ማለት ነው! ጭንቅላቱን አከከና «እሷ ናት» አለ።

«አልነገርከኝም።»

«አልጠየቅሽኝማ።»

እንደዚያ ያለ ነገር ከሷ አልጠበቅኩም ነበር፤ «አታፍርም!» አለችው። ከዚያ መጥታ አጠገቤ ቁጢጥ አለችና በእንግሊዝኛ ሳይሆን በአማርኛ፣ ለኔ፣ ረጋ ብላ አስረዳችኝ። «ዥዋዥዌ ላይ ያለ ልጅ ሲሄድ ከገፋሽው ከፍ ይላል። ወደ አንቺ ሲመጣ ከገፋሽው ግን ይቆማል። አንቺ በተቃራኒው ዞረሽ ነው የጠቀለልሽው፤ ስለዚህ ድራይቨሩ ኮይሉን ሲመጣ እየገፋ ያቆመዋል።»

«እና አበላሽቼዋለሁ?»

«ኧረ! ጥቅልሽ ምንም አልሆነም። ንድፉ ነው በቀኙ ለሚጠቀልል ሰው የተሳለው።» መበየጃውን አንስታ ዘረጋችልኝ። «የወፍራሙን ሽቦ ሁለት ጫፎች አቀያይሪያቸው። በቃ፣ ሌላ ምንም የለም። አንቺ አድርጊው።»

መበየጃውን በግራዬ ተቀበልኩ። እናቴ ሻይ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ አየች፤ ሻዩን በግራዬ በኩል አስቀመጠችው። ሁለቱን ጫፎች ነቀልኩ፣ ቦታ አቀያየርኩ፣ በየድኩ። ጭሱ ዓይኔን አቃጠለኝ። ወንድሜ ጥግ ይዞ ጥፍሩን ይበላል።

«ልንሰካ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ምድጃው ጠፋ፣ ቲቪው ጠፋ፣ እትዬ «ሰኩ፣ ይሄኛው እንኳ ይሁንላችሁ!» አሉ።

አምፖሉ ፈዘዝ አለ። ከዚያ ድምፅ መጣ፣ ተርብ ጠርሙስ ውስጥ እንደገባ ዓይነት። ከቱቦው አናት ላይ ቀጭን ሐምራዊ ክር ወጣ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ተሰነጠቀ፣ ጨለማው ውስጥ አየሩን እየነካካ ቆመ። ያ ሽታ ያን ጊዜ ነው የመጣው። እጄ ላይ ያለው ፍሎረሰንት፣ በምንም ነገር ሳይያያዝ፣ ነጭ ሆኖ በራ። ጎረቤቱ ነጠላውን ተከናንቦ በሩን ሞላው፤ እትዬ «በስመ አብ!» እያሉ ይስቃሉ።

ወንድሜ ዘለለ። ዘሎም ወደሷ ዞረ፤ «አየሽ? አየሽልኝ?» ይላታል። እኔ አጠገቡ መብራት ይዤ ቆሜ ወደሷ ነው የዞረው። ሊያመኝ ሲል ግን ልጅቷን አየኋት። እሱን እያየች አልነበረም። ብልጭታውንም እያየች አልነበረም። አፏን በእጇ ሸፍና እየሳቀች እኔን ነበር የምታየው።

በማግስቱ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ወሰደችኝ። ለሚመጣው ሰው ሁሉ፣ ለመምህሮቻቸው ሳይቀር፣ «ጥቅሉን የጠቀለለችው እሷ ናት» እያለች ታሳየኛለች። ወንድሜ አጠገባችን ቆሞ አንገቱን ይነቀንቃል። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር፤ ደግሞም ቀኑ ባላለቀ ብዬ ተመኝቼ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቅናቴ ዞረ። በወንድሜ መቅናት ጀመርኩ። ምክንያቱም የሱ ናታ! የምትመጣው እሱ ጋ ነው፣ የምትጠይቀው እሱን ነው፣ የሚሸኛት እሱ ነው። እኔ የሚደርሰኝ እሱ እስኪመጣ ያለው ጊዜ ነው። የእናቴ ማሽን አጠገብ ተቀምጠን የባጥ የቆጡን እናወራለን፤ እየሮጠ መጥቶ በሩን ሲያንኳኳ «ምናለ ትንሽ ቢያመሽ» እላለሁ። አንድ ቀን ታክሲ አጥቶ በጣም ዘገየ። እንደዚያ ቀን የታክሲ ሰልፍ ወድጄ አላውቅም።

በዓመቱ ተጣሉ። ምክንያቱን እሱም አልነገረኝ፤ «ተይው» ብቻ ነው ያለኝ። መምጣት ተወች። እናታችን «ያቺ ልጅ የት ጠፋች?» እያለች ለተወሰነ ጊዜ ጠየቀች፣ ከዚያ እሷም ተወች። ስልኳ እሱ ጋ እንጂ እኔ ጋ አልነበረም፤ ስጠኝ ብዬ ብለምነው ከሱ ጠላት ጋር መወገን ነው። ታውቀው የለ፣ በኛ ቤት ሰው የሚቆጠረው ይዞት ለመጣው ነው። እኔ ከሷ ጋር አንድ ቀን ክፉ ቃል አልተነጋገርንም፤ ግን አብሬ ተጣላሁ።

አምና ፒያሳ ታክሲ ስጠብቅ ከኋላዬ በስሜ የጠራኝ ሰው ነበር። እሷ ናት። አቀፈችኝ፣ ጉንጬን ደጋግማ ሳመችኝ፣ ትንሽ ገፋ አድርጋ አየችኝና እንደገና ሳመችኝ። እጄን እንደያዘች፣ «ወንድምሽስ?» አለችኝ።

«ደህና ነው።»

«አገባ?»

«አገባ።»

«ወለደ?»

«ወልዷል።»

«ውይ፣ ደስ ሲል!» አለች። የት እንደሚሠራ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ፀጉሩ ከግንባሩ ሸሸ ወይ አለችኝ፣ ሸሽቷል አልኳት፣ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ውስጤ ግን ያው የድሮው እሳት። «እኔስ?» ልላት ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ታክሲው መጣ፣ ረዳቱ «ግቡ ግቡ» ማለት ጀመረ። እጄን ለቀቀችኝ።

«ሰላም በዪልኝ፣ እሺ?» አለችኝ በመስኮቱ።

«እሺ» አልኳት።

አልነገርኩትም። ልነግረውም አላስብም። እሱ ብዙ ነገር ደርሶታል፤ ያቺን ሰላምታ እኔ ወስጃታለሁ።